«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ርቀት ሥራ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በርቀት አብረው የሚሠሩ ሰዎች እንዴት ሊግባቡ እንደሚገባ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጎንደር የሥራ ግሩፖች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስምንት ምክሮች አሉት። ካሜራ ሁልጊዜ ይብራ፤ በየቀኑ 9:00 ላይ ሁሉም ስብሰባ ይግባ፤ ለመልእክት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ «እሺ» ይባል፤ ሰላምታና ማዕረግ ይቅር፤ የሥራ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን፤ የሚረዝም ነገር በቮይስ ይላክ፤ የመብራትና የኔትወርክ ችግር ሰበብ ነው፤ ጥፋት በግሩፑ ፊት ይነገር ይላል። ጸሐፊው ለወጣቱ አስበው መጻፋቸው ያስታውቃል። ነገር ግን ከጎንደር ሰፈሮች፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ ወይም ከፒያሳ ሆኖ አዲስ አበባና በርሊን ካሉ ባልደረቦቹ ጋር የሚሠራ ሰው ምክሮቹን እንዳሉ ቢተገብራቸው ሥራው ይበላሽበታል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልሳለን።

የጽሑፉ መነሻ «ችግሩ አለመተያየታችን ነው» የሚል ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። መብራት የጠፋበት ሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ግሩፑን ሲከፍት፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ ካልቻለ ቡድኑ አልተግባባም። ሲተያዩ ቢውሉም አልተግባቡም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ያንን ተመላሽ ሰው እያሰብን ነው።

«መግባባት 93 በመቶው የፊት ገጽታና የድምፅ ቃና ስለሆነ ካሜራ አይጥፋ»

ይህ ቁጥር የመጣው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አልበርት መህራቢያን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ተሳታፊዎቹ «ምናልባት» የሚል ትርጉም ያላትን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በተለያየ ቃና ተቀድታ ሰሙ፤ የፊት ፎቶግራፎችም አዩ። ከዚያ ተናጋሪዋ ስለምታናግረው ሰው ያላትን ስሜት እንዲገምቱ ተጠየቁ። በሁለተኛው የቀረቡት ዘጠኝ ነጠላ ቃላት ናቸው። ለቃሉ 7፣ ለድምፅ ቃናው 38፣ ለፊት ገጽታው 55 በመቶ የሚለው ቀመር የተሠራው የሁለቱን ውጤት በማጣመር ነው። መህራቢያን ራሳቸው ቀመሩ የሚያገለግለው ሰው ስለ ስሜቱ፣ ስለ መውደድና ስለ መጥላት ሲናገር ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። የደረሰኝ ቁጥር፣ የማስረከቢያ ቀን ወይም ስሕተት ያለበት የኮድ መስመር በፊት ገጽታ አይነገርም።

ካሜራ ዋጋም አለው። ዙም ለሁለት ሰዎች የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ገደማ በመላክ፣ 600 ደግሞ በመቀበል ይጠይቃል፤ ለድምፅ ብቻ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል። ሲሰላ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 540 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ድምፁ ብቻ ከሆነ ሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ 70 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሰባት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው፤ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰንም በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት ዘርዝረዋል፦ ከቅርብ የሚያፈጥጡ ብዙ ዓይኖች፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስ፣ በአካል ሲሆን ያለ ድካም የሚነበበውን ምልክት በስክሪን ላይ ታግሎ ማንበብ። የራስን ምስል ከራስ ስክሪን ላይ መደበቅ አንዱን ችግር ወዲያው ያቃልላል፤ ዙም ላይ በራስ ምስል ላይ ካለው ምናሌ የሚገኝ ነገር ነው።

ካሜራ የሚጠቅምበት ቦታ የለም አላልንም። አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል፣ የታመመ ወይም ሐዘን ላይ የነበረ ባልደረባ ሲመለስ፣ ከበድ ያለ ወሬ ሲኖር ይብራ። በተለመደው ስብሰባ ለሰላምታ ሁለት ሦስት ደቂቃ አብርቶ፣ ሰነድ ስክሪን ላይ ሲወጣ ማጥፋት ይበቃል። ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር መጀመሪያ የራስን ቪዲዮ፣ ቀጥሎ የሌሎችን ገቢ ቪዲዮ ማጥፋት ነው። ያም ካልሠራ ዙሙን ትቶ በመደበኛ ስልክ መደወል ይሻላል፤ «ትሰሙኛላችሁ?» እያሉ አሥር ደቂቃ መፍጀት አያስፈልግም።

ጽሑፉ «ሰዎች ሥነ ሥርዓት ስለሌላቸው እርስ በርስ ይሻማሉ» የሚለውም ፍርድ ትክክል አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣና አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ በተራ ጭውውት አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪቀበለው ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ለጥሩ ጥሪ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል። ደካማ መስመር ላይ መዘግየቱ ከዚህ በላይ ሲሆን፣ «አሁን ዝም አለ» ብለን የምንጀምረው ሰውዬው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ከጀመረ በኋላ ነው። መሻማቱ የሚመጣው ከመስመሩ ነው። መፍትሔው ሰብሳቢው ተራውን በስም እንዲሰጥ፣ ተናጋሪውም ሲጨርስ «ጨርሻለሁ» እንዲል ማድረግ ነው። ጥያቄ ጠይቀው በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ሦስት ላይ «መልስ የለም ማለት ነው» ብለው አይለፉ።

«በየቀኑ 9:00 ላይ ሁሉም ስብሰባ ይግባ»

የትኛው 9:00? ጸሐፊው ሳያስቡት ትልቁን የርቀት ሥራ ወጥመድ በገዛ ምክራቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። በፈረንጅ አቆጣጠር 9:00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በእኛ 9 ሰዓት ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ከጠዋት 2 እስከ ማታ 11 ያሉት የሥራ ሰዓቶች አብዛኞቹ በሁለት መንገድ ይነበባሉ። 10:00 ከጠዋቱ 4 ወይም ከቀኑ 10፣ 2:00 ከቀኑ 8 ወይም ከጠዋቱ 2 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ንባብ በሥራ ሰዓት ውስጥ ስለሚወድቅ «ይህ ሰዓት ግራ ነው፣ ልጠይቅ» የሚል ሰው የለም። ሁለት ሰዎች በቅን ልቦና በተለያየ ሰዓት ይገባሉ፤ ሁለቱም «ቀረብኝ» ይላሉ።

ስለዚህ ቡድኑ አንድ የአጻጻፍ ልማድ ይያዝ። ሰዓት ሁልጊዜ በሁለቱም ይጻፍ፦ «15:00፣ ከቀኑ 9 ሰዓት»። የፈረንጁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን፤ የእኛው «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚል ቃል ሳይቀድመው አይጻፍ። ቀንም እንዲሁ ነው። «5/6/2018» ብሎ የጻፈ ሰው የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። በርሊን ያለው ባልደረባ ግን ጁን 5 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ዋሽንግተን ያለው ሜይ 6 ይለዋል። የወር ስም በፊደል ከተጻፈ ይህ ሁሉ አይደርስም።

የማስረከቢያ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አለ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። «ዓርብ 00:00» የተባለ ሥራ ሐሙስ ማታ፣ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዓርብን ሙሉ አለኝ ብሎ ያቀደ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይከስራል። «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» የሚለው የእኛ አነጋገር እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ትክክለኛ ነውና ይጻፍ።

አውሮፓና አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች፣ አሜሪካ በማርች ሁለተኛና በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ይቀይራሉ። በርሊን በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስብሰባው በበርሊን 9:00 ከተቀጠረ ጎንደር ላይ ግማሹን ዓመት ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ግማሹን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. ለውጡ ጥቅምት 16 እና መጋቢት 20 ላይ ነው፤ አሜሪካ ግን የካቲት 29 ላይ ትቀይራለች። በመሃል ላሉት ሦስት ሳምንታት ሦስት አገር ያለው ቡድን በካላንደር ግብዣ ካልሠራ በስተቀር መደናበሩ አይቀርም። የካላንደር ግብዣ ሰዓቱን ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ ራሱ ይቀይርለታል፤ በቃል የተነገረ ሰዓት ግን ባለበት ይቀራል።

በዓሎቻችንን ካላንደሩ ላይ የምናስገባው እኛው ነን። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወርደው እስከ ጥር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል ድረስ ጎንደር ውስጥ ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። ጥምቀት ብዙ ጊዜ ጃንዩዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዩዋሪ 20 ነው። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ዓ.ም. ነው። «በየዓመቱ ይደገም» ብለው የመዘገቡት ቀን በዚያ ዓመት ይስታል። ውጭ ላሉ ባልደረቦች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት «ከዚህ እስከዚህ አንገኝም፤ እስከዚህ ቀን ይህን እናስረክባለን» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው።

ስለ ስብሰባው ራሱ ብዙ አንልም። ስምንት ሰው ለግማሽ ሰዓት ሲሰበሰብ አራት የሥራ ሰዓት ወጣ ማለት ነው። «ትናንት ይህን ሠራሁ» የሚለው ሪፖርት ጠዋት በሦስት መስመር ይጻፍ፤ ስብሰባ ውሳኔ ለሚፈልግ ጉዳይ ይቀመጥ። የዙም ነጻ አገልግሎት 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል፤ አጀንዳው ለ30 ደቂቃ ይሠራ፣ የቀረው አሥር ቃለ ጉባኤው በሁሉም ፊት ለሚነበብበት ይተው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ስብሰባው ሳይጀመር ይሰየም፤ ውሳኔዎቹም በዚያው ሰዓት ግሩፑ ላይ ወጥተው ፒን ይደረጉ። ማታ እጽፈዋለሁ የተባለ ቃለ ጉባኤ የግማሹን ትዝታ ይዞ ነው የሚወጣው።

«በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ ‹እሺ› በሉ»

ከስምንቱ ሁሉ አብልጠን የምንቃወመው ይህን ነው።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» የምንለው ፊት ለፊት ሆነን፣ የድምፁን ክብደት ሰምተን ነው። በጽሑፍ «እሺ» ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ቢያንስ አራት ትርጉም ትሸከማለች። ሰማሁ ማለት ነው። ተስማማሁ ማለት ነው። እሠራዋለሁ ማለትም ነው። አራተኛው ይሉኝታ ነው፦ እንደማልችል አውቃለሁ፣ ግን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ሥራ ሰጪው ሦስተኛውን አንብቦ ይተኛል፤ የተቀበለው አንደኛውን ብሎ ይረሳዋል። በቀነ ገደቡ «እሺ ብለህ አልነበር?» ይመጣል። አውራ ጣት የሚያሳየው ምልክትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጸሐፊው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሁን ሲሉ፣ ሰውየው ሳያነብና ሳያስብ «እሺ» እንዲል ያስገድዱታል።

ሥራ የተቀበለ ሰው የሚሠራውን፣ የሚያስረክብበትን ሰዓትና የሚቀረውን ነገር በራሱ ቃል መልሶ ይጻፍ። «እሺ» ማለቱ ይቅር አንልም፤ ይቀጥልበት፦ «እሺ፣ የሦስተኛውን ምዕራፍ ትርጉም ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ 16:00፣ በፊት እልካለሁ። የስም ዝርዝሩ ግን አልደረሰኝም።» ይህን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የተሳሳተ ነገር ካለ ሥራው ሳይጀመር ይታያል። አሁን ማንበብ የማይችል ሰው «አይቼዋለሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 15:00፣ በፊት መልስ እሰጣለሁ» ካለ ታማኝ መልስ ሰጥቷል።

የሰጪውም ድርሻ አለ። «ገብቶሃል?» ብሎ የጠየቀ «አዎ» ብቻ ነው የሚያገኘው፤ አልገባኝም ማለት ያሳፍራልና። «ከየትኛው ክፍል ትጀምራለህ?» ወይም «የቱ ቦታ የሚያስቸግርህ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ መግባቱን ያሳያል፤ ማንንም አያሳፍርም።

አማርኛችን ሠሪውን የመደበቅ ችሎታም አለው። «ሪፖርቱ ነገ ይላካል»፣ «ጉዳዩ ይታያል»፣ «እናስተካክለዋለን» ስንል ትሕትናም ነው፣ ልማድም ነው። ነገር ግን አምስት ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ «ይላካል» ማለት ማንም አይልከውም ማለት ሆኖ ይቀራል። «እልካለሁ» ይባል፤ ሌላ ሰው ከሆነ ስሙ ይጠራ። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚሉትን ጸሐፊው «ከኃላፊነት መሸሽ» ብለው ነቅፈዋል። አይደለም፤ ሰው በእምነቱ የሚናገረው ነው፣ ይቀጥል። ከጎኑ ሰዓት ይጨመርበት እንጂ።

ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱም በስልክ ላይ ችግር ይፈጥራል። ኖቲፊኬሽን የሚያሳየው የመልእክቱን መጀመሪያ ብቻ ነው። «ባለፈው ሳምንት ከደንበኛው ጋር ስንነጋገርበት የነበረውን የሦስተኛውን ምዕራፍ…» ብሎ ይቆረጣል፤ ይላክ፣ ይሰረዝ ወይም ይታረም አይታወቅም። ስለዚህ ዋናው ነገር ፊት ይምጣ፤ በአንድ ቃል ይታወቅ፦ «ጥያቄ፦»፣ «ውሳኔ፦»፣ «ለመረጃ፦»፣ «አስቸኳይ፦»። «ጥያቄ፦ ምዕራፍ 3፣ ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ 18:00፣ በፊት ይላኩልኝ» ከተባለ በኋላ ዝርዝሩ ይከተል። «አስቸኳይ» የምትለው ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ከተጻፈች ኃይሏን ታጣለችና ትቆጠብ።

የመልስ ጊዜውን የሚወስነው መንገዱ ይሁን። የእሳት ያህል የቸኮለ ነገር በስልክ ይደወል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ በግማሽ ቀን፣ ኢሜይል እስከ ማግስቱ ቀትር ይመለስ። ይህ አንድ ጊዜ ተጽፎ ከተያዘ ስልኩን በየደቂቃው የሚያይ አይኖርም፤ «ለምን ዘገየህ» የሚል ቅሬታም መለኪያ ያገኛል።

«ሰላምታና ማዕረግ ጊዜ ማባከን ነው»

በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። «ሰላም ነህ?» ብሎ ጽፎ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከዚያ «እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና?»፣ ከዚያ እንደገና መጠበቅ፣ ጥያቄውን ከሰዓት በኋላ ማድረስ ሥራ ይጎትታል። ግን መድኃኒቱ ሰላምታን መቁረጥ አይደለም። ሰላምታውና ጉዳዩ በአንድ መልእክት ይሂዱ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ? ጥያቄ፦ …» ብሎ መጨረስ። ሰላምታ የሌለበት ትእዛዝ ጎንደር ላይ እንደ ቁጣ ይነበባል፤ የተቆጡት የመሰለው ሰው ደግሞ ችግር ሲገጥመው አይነግርዎትም።

ማዕረጉን በተመለከተ፣ በጽሑፍ ብቻ የምናውቀውን ሰው ዕድሜ አናውቅም። «ደስታ» የሚል ስም ብቻ አይቶ «ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» ማለት ዕድል መሞከር ነው። «ይላኩልኝ» ብሎ መጀመር ሁለቱንም ያድናል፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ራሳቸው «አንተ በለኝ»፣ «አንቺ በይኝ» ሲሉ ዝቅ ይደረጋል። «ሁሉም እኩል ስለሆነ ሁሉም አንተ ይባል» የሚለው ምክር ታናሹን ነጻ አያወጣውም። በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ከማለት ዝም ማለትን የሚመርጥ ወጣት ብዙ ነው፤ ከእርሱ ጋር ሐሳቡም ይጠፋል። «ዶክተር፣ እዚህ ቁጥር ላይ ስሕተት ያለ ይመስለኛል» ማለት የሚችል ወጣት ያለበት ቡድን ጤናማ ነው። ክብሩም እርማቱም አብረው ይሄዳሉ።

«የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው»

አማርኛ የማያነብ ባልደረባ ካለ ልክ ነው። ከሌለ ግን አምስት አማርኛ ተናጋሪዎች በተሰበረ እንግሊዝኛ የሚግባቡበት ምክንያት አይታየንም። ቋንቋው የሚመረጠው ከቡድኑ መካከል በዚያ ቋንቋ በጣም የሚቸገረውን ሰው አይቶ ነው። የሙያ ቃሉ እንዳለ ይግባ፤ «ዴድላይን»፣ «ኢንቮይስ»፣ «ባግ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚያሳስበን አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። «መጣ» እና «መታ»፣ «ሥራ» እና «ሴራ» እዚያ ላይ ይቀላቀላሉ። ሁሉም ሰው በራሱ አጻጻፍ ስለሚጽፍ ከሁለት ወር በኋላ ሲፈለግ አይገኝም። የስልክ የአማርኛ ኪቦርድ ነጻ ነው፤ ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ውስጥ ቋንቋ መጨመር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በግእዝ ፊደል ስንጽፍም አንድ ጥንቃቄ አለ፦ «ሠራተኛ» ብለው ቢፈልጉ «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ አይወጣም፤ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ»ም እንዲሁ። ለፋይል ስሞችና ደጋግመው ለሚፈለጉ ቃላት ቡድኑ አንድ አጻጻፍ መርጦ ይጽናበት።

«የሚረዝም ነገር በቮይስ ይላክ»

የአራት ደቂቃ ቮይስ ውስጥ ያለን አንድ የሒሳብ ቁጥር ለማግኘት አራቱንም ደቂቃ መስማት ያስፈልጋል። ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው አይሰማውም፤ ሰው መሃል ያለ ከፍቶ አያሰማውም፤ በፍለጋም አይገኝም። የተመለሰው ባልደረባችን ሃያ ቮይስ ተደርድሮ ሲጠብቀው የትኛውን ያስቀድም? ቮይስ ለይቅርታ፣ ለማጽናናት፣ ለማመስገን፣ ጣታቸው በፊደሉ ላልፈጠነ ታላላቆች መልካም ነው። ለሥራ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ከሥሩም ቁጥሩ፣ ስሙና ቀኑ በአንድ መስመር ይጻፍ። ተቀባዩ ይህን መስመር ጽፎ በሪፕላይ ቢያረጋግጥም ይሆናል።

«የመብራትና የኔትወርክ ችግር ሰበብ ነው»

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይጽፍም። በዚያ ጊዜ ሥራቸውን ያጡ ሰዎች ሰበበኞች አልነበሩም። እርግጥ ነው፣ «ኔትወርክ አልነበረም» ብሎ ያልሠራውን የሚሸፍንም አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ግን መቋረጡ ሳይመጣ ምን እንደሚደረግ ስምምነት ካለ ነው።

ስምምነቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። መቋረጡ ከ30 ደቂቃ ካለፈ የተቋረጠበት ሰው አስቀድሞ ለተሰየመ አንድ ሰው ኤስኤምኤስ ይልካል፤ ያ ሰው ግሩፑ ላይ ያወጣዋል። ኤስኤምኤሱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን ሆነ፣ ሥራው የት ደረሰ፣ መቼ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ካለፈ በ67 በ67 ተከፍሎ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ነው። «መብራት የለም። ሪፖርቱ ግማሽ ደርሷል፤ ድራይቭ ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ 19:00፣ እመለሳለሁ።» የሚለው 63 ምልክት ስለሆነ በአንዱ ይገባል።

«ድራይቭ ላይ ነው» ለማለት ግን ሥራው አስቀድሞ እዚያ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው የጋራ ማስቀመጫ፣ መሆን አለበት። ዴስክቶፕ ላይ ብቻ የተቀመጠ ፋይል መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምሳ በፊትና ሥራ ሲያበቃ፣ ያለቀውም ያላለቀውም ወደ ጋራ ፎልደር ይጫን። የሚያስፈልጉ ሰነዶች ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ ኦፍላይን ተደርገው ይቀመጡ።

መብራት ብቻ ጠፍቶ መስመሩ ካለ፣ ብዙው የቤት ዋይፋይ ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ቢበዛ 12 ዋት የሚወስድ ትንሽ ዕቃ ነው። 12 ቮልት የሚያወጣ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ቮልቱን ሲያሳድግ የሚጠፋው ተቀንሶ 30 አካባቢ ቢቀር ራውተሩን በሙሉ ኃይሉ እንኳ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያቆየዋል። ሲገዙ ከራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት ማየት ግድ ነው፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 መስጠት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

«ጥፋት በግሩፑ ፊት ቢነገር ግልጽነት ነው»

አይነገር። በአካል ቢሆን ቢሮ ውስጥ ተነግሮ፣ ተበሳጭቶ፣ ቡና ላይ ይታረቃል። ግሩፕ ላይ የተጻፈ ተግሣጽ ግን ተጽፎ ይኖራል፤ የተገሠጸው ሰው ግሩፑን በከፈተ ቁጥር ያነበዋል፣ ነገ የሚቀላቀለው አዲስ ሰውም ያነበዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የሚደበቅ ስሕተት ደግሞ በርቀት ሥራ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም፣ ደንበኛው ጋ ደርሶ ነው የሚታወቀው።

በግል ይደወል፤ አይጻፍ። መጀመሪያ «ምን ገጠመህ?» ይባል፤ ግማሹ ጥፋት ፋይሉ ስላልደረሰው ወይም 9 ሰዓቱን ስለተሳሳተ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የተበላሸው ነገር በቁጥርና በቦታው ይነገር፤ «ግዴለሽ ነህ» ሳይሆን «ገጽ 14 ላይ ያለው ድምር ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም» ይባል። የስልኩ ንግግር ሲያልቅ ሰውየው ራሱ እርማቱን ግሩፑ ላይ ያውጣ፦ «ውሳኔ፦ ገጽ 14 ታርሟል። አዲሱ ፋይል የመጋቢት 3 የሚል ስም ያለው ነው፤ የቀድሞውን አትጠቀሙ። ለደንበኛው ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 15:00፣ እልካለሁ።»